ነፋስ በሌለበት ቀን ሞገዱ ከየት መጣ? የብርድ ወራት ባሕር ዳርቻ ሲብራራ

በብርድ ወራት በየዓመቱ የሚደጋገም ዜና አለ። ቀኑ ፀሐያማ ነው። ነፋስ የለም። ሰዎች ባሕር ዳርቻ ወርደው ፎቶ ይነሳሉ፤ ልጆች አሸዋው ላይ ይሯሯጣሉ። ድንገት አንድ ሞገድ ከሌሎቹ ሁሉ አልፎ ወደ ላይ ይወጣና ሰው ጠርጎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ከተመልካቾቹ የሚሰማው ሁሌም አንድ ነው፦ «ባሕሩ እኮ ጸጥ ብሎ ነበር!»

ጸጥ ያለው ነፋሱ ነው። ባሕሩ ሌላ ጉዳይ ነው። በብርዱ ወራት ፊታችሁ ላይ የሚሰማችሁ ነፋስና እግራችሁ ሥር የሚደረመሰው ሞገድ ብዙ ጊዜ ምንም አይገናኙም። ነፋሱ የዛሬ ነው። ሞገዱ ግን ከቀናት በፊት፣ ምናልባት ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የተነሳ ነው። ሁለቱን ለያይቶ ማየት የቻለ ሰው የባሕር ትንበያ ማንበብም አይከብደውም፣ መቼ ከውሃው መራቅ እንዳለበትም ያውቃል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚሁ ነው።

የብርድ ወራት ስል በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ በደቡቡ ደግሞ ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን ጊዜ ማለቴ ነው።

ሞገድ ከየት ይመጣል?

ከነፋስ። ሱናሚን እንተወው፤ እሱ በአብዛኛው ከባሕር በታች በሚደርስ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የሚነሳው። ከዚያ ውጪ ዳር ቆመን የምናየው ሞገድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነፋስ የወለደው ነው። ነፋስ ውሃ ላይ ሲነፍስ መጀመሪያ የውሃው ገጽ ይሸበሸባል። ሽብሽቡ ለነፋሱ መያዣ ይሆነዋል። ነፋሱ ይገፋዋል፣ ሞገዱ ያድጋል፣ ባደገ ቁጥር ደግሞ ለመገፋት ይበልጥ ይመቻል።

የሞገዱን መጠን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ነፋሱ ምን ያህል ብርቱ ነው፣ ለምን ያህል ሰዓት ነፈሰ፣ ምን ያህል ስፋት ባለው ውሃ ላይ ነፈሰ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ብርቱ ነፋስ ትንሽ ሐይቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ቢነፍስ ሞገዱ ገና ሳያድግ ማዶ ይደርስና ያበቃለታል። ያው ነፋስ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በሚያህል ክፍት ውቅያኖስ ላይ ሁለት ቀን ከነፈሰ ግን ከ10 ሜትር የሚበልጥ ሞገድ ሊያስነሳ ይችላል።

ነፋሱ በሚነፍስበት ቦታ ላይ ባሕሩ ዝብርቅርቅ ያለ ነው። ትልቁና ትንሹ ሞገድ ከዚህም ከዚያም ይላተማል። ከነፋሱ ክልል ሲወጡ ግን ሞገዶቹ ሥርዓት ይይዛሉ። ከአናት እስከ አናት ረጅም የሆኑት ፈጣን ስለሆኑ ይቀድማሉ። አጫጭሮቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ይከስማሉ። ሩቅ ዳርቻ ላይ የሚደርሰው እንግዲህ የተጣራው ነው፦ ለስላሳ፣ ረጅም፣ በእኩል ልዩነት የሚመጣ ሞገድ። ሰርፈሮች (በሰሌዳ ሞገድ የሚጋልቡ ሰዎች) እና የትንበያ ባለሙያዎች ስዌል ይሉታል። እዚያው አጠገባችን ያለው ነፋስ የሚያስነሳውን አጭርና ዝብርቅርቅ ሞገድ ደግሞ እዚህ ላይ «የአካባቢ ሞገድ» እንበለው።

ያ ሁሉ ውሃ ነው እንዴ የሚጓዘው?

አይደለም። ነፋስ የሚያልፍበትን የስንዴ ማሳ አስቡ። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ይተማል፤ አንድም ዛላ ግን ከቦታው አይነቃነቅም፣ ጎንበስ ቀና ይላል እንጂ። ባሕርም ላይ የሚጓዘው ጉልበቱ ነው። ውሃው እዚያው ባለበት ክብ እየሠራ ከፍ ዝቅ ይላል።

ጉልበቱ መሬት እስኪያጋጥመው ድረስ ብዙም ሳይባክን ይሄዳል። አናቶቹ በ16 ሴኮንድ ልዩነት የሚከታተሉ ስዌል ጉልበቱን በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞ ይጓዛል። 2,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሳ ሞገድ ሁለት ቀን ሳይሞላ ደጃችሁ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ዋልተር ሙንክ የተባለው አሜሪካዊ የውቅያኖስ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ መለኪያዎች ዘረጋ። በደቡቡ ጫፍ ውቅያኖስ ላይ የተነሱ ሞገዶች ፓሲፊክን አቋርጠው አላስካ ድረስ ሲደርሱ አንድ በአንድ ተከታተሏቸው። ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ሙንክ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከኖርዌጃዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋር የሞገድ ትንበያ ዘዴ ቀምሮ ነበር። ያኔ የተፈለገው ወታደሮች በጀልባ ዳርቻ ላይ የሚወርዱበትን ቀን ለመምረጥ ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናየው የሞገድ ትንበያ መነሻው ይህ ሥራ ነው።

በብርዱ ወራት ለምን ይብሳል?

በብርዱ ወራት ዋልታው አካባቢ ፀሐይ አትታይም፤ አየሩ እጅግ ይቀዘቅዛል። ከምድር ወገብ ወዲህ ያለው ሰፈር ግን እንደሞቀ ነው። በዋልታውና በምድር ወገብ መካከል ባለው ሰፈር (መካከለኛው ኬክሮስ) የሚነሱ ማዕበሎች፣ ማለትም ብርቱ ነፋስ ያዘሉ የአየር ሁከቶች፣ የሚመገቡት ይህንኑ የሙቀት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ማዕበሉ ይበረታል፣ ይበዛል፣ እየተከታተለም ይመጣል። አንዱ ያስነሳው ባሕር ሳይረጋ ሌላው ይደርሳል።

የሃዋይዋ ኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በሙቀቱ ወራት ባሕሩ ብዙ ቀን ተኝቶ ይውላል፤ ልጆች ይዋኙበታል። ዲሴምበር ሲገባ ከሰሜን ፓሲፊክ ማዕበሎች የሚመጣው ስዌል እዚያው ቦታ ላይ የዓለም ዝነኛ ሰርፈሮች የሚወዳደሩበትን ግዙፍ ሞገድ ያቆማል። ዳርቻው ያው ነው፣ አየሩም ብዙም አይቀዘቅዝም። የተለወጠው ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለው ሰማይ ነው።

«2 ሜትር፣ 15 ሴኮንድ» ምን ማለት ነው?

የባሕር ትንበያ ላይ እንዲህ የሚጻፉት የሞገዱ ቁመትና ሴኮንዱ ናቸው። ቁመቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ትንበያው 2 ሜትር ሲል ትልቁ ሞገድ 2 ሜትር ነው ማለቱ አይደለም። ከሞገዶቹ ሁሉ ረጃጅሞቹ አንድ ሦስተኛው ተለይተው፣ የእነሱ አማካይ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ 2 ሜትር በተባለበት ቀን፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 4 ሜትር የሚጠጋ ሞገድ ብቅ ቢል ትንበያው አልተሳሳተም። የሚጠበቅ ነው።

ሌላም አለ። ጉልበት ከቁመት ጋር እኩል አያድግም። የ2 ሜትር ሞገድ የ1 ሜትሩን አራት እጥፍ፣ የ3 ሜትሩ ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ጉልበት ይይዛል።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት ሴኮንዱ ነው። አንድ አናት ካለፈ በኋላ የሚቀጥለው እስኪያልፍ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ቆሞ መለካት ይቻላል፦ ውሃው ላይ አንድ ምልክት፣ ለምሳሌ ከባሕሩ ብቅ ያለ ድንጋይ ምረጡ፤ አንድ አናት ሲነካው ሰዓት ያዙ፤ ከዚያ በኋላ አሥረኛው ሲደርስ የፈጀውን ጊዜ ለአሥር አካፍሉ። ከ8 ሴኮንድ በታች ከሆነ በአብዛኛው የአካባቢ ሞገድ ነው። ከ12 በላይ ከሆነ ከሩቅ የመጣ ስዌል ነው።

ሴኮንዱ ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? ሞገዱ ከውሃው በታች ምን ያህል እንደሚጠልቅ ስለሚናገር። በጥልቅ ባሕር ላይ የሴኮንዱን ቁጥር በራሱ አባዝታችሁ እንደገና በ1.56 ብታባዙት የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛላችሁ። የ7 ሴኮንድ ሞገድ 76 ሜትር ያህል ይረዝማል። የ15 ሴኮንዱ ግን 350 ሜትር ገደማ ነው። ንቅናቄው ወደ ታች የሚደርሰው እስከ ርዝመቱ ግማሽ ነው። አጭሩ 38 ሜትር፣ ረጅሙ 175 ሜትር ጥልቀት ድረስ ውሃ ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። ረጅሙ ጥልቀት ወደሌለው ውሃ ሲገባ ያ ሁሉ ጉልበት መሄጃ ያጣል። ሞገዱ ይዘገያል፣ ይጠባል፣ ወደ ላይም ይነሳል። ክፍት ባሕር ላይ 2 ሜትር የነበረው ዳር ሲደርስ ከዚያ በላይ ሆኖ የሚገለበጠው ለዚህ ነው።

አሁን ሁለት ቀን እናወዳድር። ዳርቻው ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነው እንበል።

የመጀመሪያው ቀን ትንበያ፦ 2 ሜትር፣ 15 ሴኮንድ፣ ስዌሉ ከምዕራብ፤ ነፋስ ከምሥራቅ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር። ሁለተኛው ቀን፦ 2 ሜትር፣ 7 ሴኮንድ፣ ሞገዱ ከምዕራብ፤ ነፋስ ከምዕራብ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር።

በሁለተኛው ቀን ባሕሩ ያስፈራል። እስከ አድማስ ነጭ በነጭ ነው፤ ይጮሃል፣ አሸዋ ዓይን ውስጥ ይገባል። ማንም ወደ ውሃው ዳር ሊጠጋ አይፈልግም። በመጀመሪያው ቀን ውሃው እንደ መስታወት ያበራል፤ በሞገዶቹ መካከል ረጅም ጸጥታ አለ፤ ሰው ጫማውን አውልቆ ይወርዳል። ቁመቱ እኩል 2 ሜትር ቢሆንም በእያንዳንዱ ሜትር ዳርቻ ላይ የሚያርፈው ኃይል በመጀመሪያው ቀን ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ዓይን የሚፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ዳር ላይ ለሚሄድ ሰው ይበልጥ የሚያሰጋው የመጀመሪያው ነው።

ታዲያ ነፋሱ ምን ይሠራል?

ሞገዱን ያስተካክላል ወይም ያበላሻል። ነፋስ የሚጠራው በመጣበት አቅጣጫ ነው፤ የምሥራቅ ነፋስ ከምሥራቅ የሚመጣ ነው። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ቀለል ያለ ነፋስ የሚመጣውን ሞገድ ፊት ለፊት ይገፋዋል። ሞገዱ ቶሎ ሳይደረመስ ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ ፊቱም ለስላሳ ይሆናል። ሰርፈሮች በብርድ ሌሊት ተነስተው የሚጠብቁት ይህንን ነው። ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍሰው ግን ከኋላ ይገፋና ያለጊዜው ይደረምሰዋል።

በብርዱ ወራት ጠዋት የተሻለ የሚሆነው በምክንያት ነው። የብስ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ባሕር ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ሌሊት የቀዘቀዘው ከባድ አየር ከየብስ ወደ ባሕር ይፈስሳል፤ ጠዋት ላይም ያው ይቀጥላል። በሙቀቱ ወራት ከሰዓት በኋላ ከባሕር የሚነሳው ነፋስ ውሃውን ያተራምሰዋል። በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ደካማ ስለሆነች ይህ ነፋስ ይላላል ወይም ጭራሽ አይነሳም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ማዕበል በአጠገብ ከሌለ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ የአየር ግንባር (ቀዝቃዛ አየር ሞቃቱን እየገፋ የሚገባበት መስመር) ሲያልፍ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ይበረታል፣ በየመሀሉም ይወረወራል።

ያለ መሣሪያ የነፋስን ብርታት ለመገመት ባሕሩን ራሱን ማየት ይበቃል። ፍራንሲስ ቦፎርት የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1805 ያወጣው ደረጃ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አልፎ አልፎ ነጭ አረፋ ሲታይ ነፋሱ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደረጃ 3 ይባላል። ደረጃ 8 ላይ ሲደርስ ከ62 እስከ 74 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሰው ነፋሱን ተቃውሞ መራመድ ይቸግረዋል። የነፋስ ግፊትም እንደ ሞገድ ጉልበት ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ከየብስ የሚነፍሰው ነፋስ ለሰርፈር ወዳጅ ቢሆንም በቀዘፋ ሰሌዳ ወይም በአየር በሚነፋ ተንሳፋፊ ውሃ ላይ ለሚወጣ ሰው ጠላት ነው። ዳር አካባቢ ገደሉና ቤቶቹ ስለሚከልሉት ውሃው የተኛ ይመስላል። መቶ ሜትር ገባ ሲባል ነፋሱ ሙሉ ጉልበቱን ያገኝና ሰውየውን ወደ ውስጥ ይዞት ይሄዳል። በእንግሊዝ ዳርቻዎች ብርቱካናማ የነፋስ ከረጢት ሲሰቀል መልእክቱ ይኸው ነው፦ ተንሳፋፊ ይዛችሁ አትግቡ።

ብርዱስ? አየሩ 0 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ እንደሆነ ነው። የረጠበ ልብስ ደግሞ ከዚህም ያብሰዋል።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ዳርቻዎች ለምን ይለያያሉ?

የባሕሩ ወለል ስለሚለያይ። ሞገድ የሚገለበጠው የውሃው ጥልቀት ከቁመቱ 1.3 እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው። ወለሉ ቀስ እያለ ከፍ የሚል ከሆነ ሞገዱ ከሩቅ ጀምሮ እየተደረመሰ ጉልበቱን ይጨርሳል። ገደላማ ከሆነ ሁሉንም እግራችሁ ሥር ያፈሰዋል። የፖርቱጋሏ ናዛሬ በዚህ ትታወቃለች። ከፊቷ ባለው ባሕር ውስጥ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ የሚዘረጋ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሸለቆ አለ። ሸለቆው ስዌሉን ሳያደክም እስከ ዳር ያመጣዋል፤ በጎን ጥልቀት በሌለው ውሃ ከሚመጣው ሞገድ ጋርም ያጋጥመዋል። ጀርመናዊው ሴባስቲያን ስቶይትነር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2020 እዚያ የጋለበው ሞገድ 26.21 ሜትር ተለክቷል።

የባሕር ውሃ መሙላትና መጉደልም ነገሩን በየሰዓቱ ይቀያይረዋል። ከማዕበል ጋር ሲገጥም ደግሞ ይከብዳል፤ በማዕበል ጊዜ የአየር ግፊት ይወርዳልና፣ በአንድ ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ) በወረደ ቁጥር የባሕሩ ገጽ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል።

አሸዋው የት ሄደ?

በብርዱ ወራት የሚያውቁትን ዳርቻ ሄደው ያዩ ሰዎች ድንጋይ ብቻ ቀርቶ ሲያገኙ ይደነግጣሉ። አሸዋው አልጠፋም። እየተከታተሉ የሚመጡት ትልልቅ ሞገዶች ጎትተው ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ውሃ ሥር ባለ ክምር ላይ ያስቀምጡታል። ክምሩም ሞገዶቹ ከሩቅ እንዲገለበጡ እያደረገ ዳርቻውን ይከላከላል። ሙቀቱ ሲመለስ ትንንሾቹ ሞገዶች አሸዋውን በጥቂት በጥቂቱ ይመልሱታል። አንዳንድ ዓመት ሁሉም አይመለስም፤ የዳርቻ መሸርሸር የሚባለው ያኔ ነው።

ዳር ላይ የቆመ ሰው ምን ይጠብቅ?

ስዌል የሚመጣው በጓድ በጓድ ነው። ተከታታይ ትልልቅ ሞገዶች ይመጡና ከዚያ ለብዙ ደቂቃ ትንንሾቹ ብቻ ይሆናሉ። መኪናውን አቁሞ፣ ባሕሩን አምስት ደቂቃ አይቶ የወረደ ሰው ያየው ጸጥታውን ብቻ ሊሆን ይችላል። በአይስላንዷ ሬይኒስፊያራ እና በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻዎች ሰው የሚወሰደው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት ከከፍታ ላይ ሆናችሁ 20 ደቂቃ ያህል ባሕሩን ተመልከቱ። አሸዋው እስከየት እንደረጠበ እዩ፤ ውሃው እዚያ ደርሶ ነበር፣ እንደገናም ይደርሳል። የረጠበ አለት ላይ አትውጡ። ጀርባችሁን ለባሕር አትስጡ። ውሃ ዳር የተጋደመ ግንድ ላይም አትቀመጡ፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ግዙፍ ግንድ አንስቶ ሰው ላይ ያንከባልላል።

ሪፕ የሚባለው ወደ ባሕር የሚጎትት ጅረትም በዚህ ወቅት ይበረታል። በሞገድ የተከመረው ውሃ የሚመለስበት ጠባብ መንገድ ነው። ነጩ አረፋ መሀል ጠቆር ያለ፣ ሞገድ የማይገለበጥበት፣ የተረጋጋ የሚመስል ቦታ ካያችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አለማወቅ እዚህ ላይ ሕይወት ያስከፍላል፤ ሰው ለመግባት የሚመርጠው ቦታ እሱ ይሆናልና። ከተወሰዳችሁ ወደ ዳር ለመዋኘት አትታገሉ። ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አውለብልቡ፤ አቅም ካላችሁ ከዳርቻው ትይዩ ዋኝታችሁ ከጅረቱ ውጡ።

የመጨረሻው ቅዝቃዜው ነው። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል። አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ትንፋሹ ለመረጋጋት አንድ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ በዚያች ደቂቃ የሚያድነው በጀርባው ተንሳፍፎ መቆየት ነው። ከዚያ በኋላ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ራሱን ለመሳት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ የተንሳፈፈ ሰው ተስፋ አለው።

ሰው ሲወሰድ ካያችሁ ተከትላችሁ አትግቡ። ለአደጋ ጊዜ አገልግሎት ደውሉ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ወርውሩለት፤ አንድ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ጣቱን ወደ ሰውየው እንደቀሰረ ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተለው። በሞገድ መሀል ጭንቅላት አንዴ ከጠፋ እንደገና ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ለውሻም ቢሆን አትግቡ። ውሻው ብዙ ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ተከትሎት የገባው ሰው ግን ሁሌ አይወጣም።